የጀመዓና የትምህርት ቤት እጀ ረጅም ቲሸርት ስናሠራ፦ ከጨርቅ መረጣ እስከ ርክክብ



ረመዷን ሲቃረብ የኢፍጣር አስተናጋጆች፣ ሰኔ ላይ ተመራቂዎች፣ ክረምት ሲገባ የመድረሳ ተማሪዎች፣ በመሃሉ ደግሞ የበጎ አድራጎት ጀመዓዎችና የትምህርት ቤት ክበባት ቲሸርት ያሠራሉ። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። አንዱ ገንዘብ ይሰበስባል፣ አንዱ መርካቶ ይወርዳል፣ ከሳምንት በኋላ ልብሱ ይመጣል። ልብሱ ከመጣ በኋላ የሚሰማው ቅሬታ ግን በየቦታው አንድ ዓይነት ነው፦ ጨርቁ ስስ ነው፤ ለእህቶች አጠረ፤ ፊደሉ ተበላሽቶ ታተመ፤ ፕሮግራሙ ካለፈ በኋላ ደረሰ፤ የተረፈው ብር የት እንደገባ አልታወቀም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሰው የማያነሳው ጉዳይ ነው። በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት የስፖርት ቀን ወይም የክበብ ዝግጅት ሲኖር እጀ ጉርድ ቲሸርት ይታደልና ሒጃብ የለበሱ ተማሪዎች ዳር ላይ ቆመው ሲያዩ ደጋግሜ ታዝቤያለሁ። ማንም አልከለከላቸውም። የሚለብሱት ልብስ ብቻ አልነበራቸውም። ልብሱን ያሠራው ሰው አንድ ጥያቄ ቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ እነሱም ከጓደኞቻቸው ጋር ይሰለፉ ነበር። በዚህ ጽሑፍ ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ያለባቸውን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እናያለን፣ ኢንሻአላህ።

መጀመሪያ የሚመለሱ ሦስት ጥያቄዎች

አንደኛ፣ የሚለብሰው ማን ነው? ሕፃናት ብቻ ናቸው? ወንዶችና ሴቶች አብረው ናቸው? ዕድሜያቸው የገፋ አባቶችና እናቶችስ አሉበት?

ሁለተኛ፣ ስንት ጊዜ ይለበሳል? ለአንድ ቀን ዝግጅት የሚሠራ ልብስና ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ የሚለበስ የመድረሳ መለያ አንድ ዓይነት ጨርቅና ህትመት አይፈልጉም። ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ ቲሸርት ማሠራቱ ራሱ ያስፈልጋል ወይ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ለአስተባባሪዎች ብቻ የሚታደል የደረት ባጅ ወይም በላይ የሚደረብ ሰደርያ ሥራውን የሚሠራ ከሆነ ቀሪው ገንዘብ ለታለመለት ጉዳይ ይውላል። ሰደርያው ደግሞ ተሰብስቦ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል።

ሦስተኛ፣ የት ነው የሚለበሰው? ደሴ ላይ በኅዳር ብርድ የሚለበሰውና ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ በሙቀት የሚለበሰው ሊመሳሰል አይችልም።

ለምን እጀ ረጅም?

ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሴት ክንዷ ባዕድ ወንድ ፊት ዐውራ በመሆኑ ለእርሷ የእጅጌው ርዝመት የምርጫ ጉዳይ አይደለም። እጀ ጉርድ ከታደለ ከውስጥ ሌላ እጀ ረጅም ደርባ ትለብሳለች፣ ያለዚያም ትተወዋለች። በሙቀት ሁለት ልብስ ደርቦ መሮጥ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የሞከረው ነው። ወንድን በተመለከተ ዐውራው ከእንብርት እስከ ጉልበት በመሆኑ እጀ ረጅም ግዴታ አይደለም። ሆኖም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀሚስ እጅጌ እስከ እጅ አንጓ ይደርስ እንደነበር የሚገልጽ የአስማእ ቢንት የዚድ ዘገባ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተመዝግቧል። ለሁሉም አንድ ዓይነት እጀ ረጅም ማሠራት ሴቶቹን "የተለየ ትዕዛዝ" ከመባል ያድናቸዋል፣ የቡድኑም መልክ አንድ ይሆናል።

እጀ ረጅም ስንመርጥ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር የእጅጌው ጫፍ ነው። ልብሱ በቀን ውስጥ ለውዱእ እስከ ክርን መሰብሰብ አለበት። ጫፉ ላይ ጠባብና የማይለጠጥ ስፌት ካለው ወይ ይቀደዳል ወይ እየራሰ ያስቸግራል። የሚለጠጥ ጥብጣብ ወይም ለቀቅ ያለ ጫፍ ይሻላል። ናሙናውን የሚለካው ሰው እጅጌውን ከክርኑ በላይ ሰብስቦ ይሞክረው።

ጨርቅ

የቲሸርት ጨርቅ ውፍረት በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝን ይለካል። ነጋዴዎች "ጂኤስኤም" ይሉታል። ከ140 እስከ 160 ያለው ስስ ነው። ከ180 እስከ 200 ያለው መካከለኛ ሲሆን ለአብዛኛው የጀመዓ ሥራ የሚስማማው ይኸው ነው። ከ220 በላይ ያለው ወፍራም በመሆኑ ለብርድ አገር ጥሩ ነው፤ ለቆላ ግን ይከብዳል።

ነጋዴው ቁጥሩን ካላወቀ ሦስት ቀላል ፈተናዎች አሉ። አንድ ነጠላ የጨርቁን ክፍል ጽሑፍ ባለበት ወረቀት ላይ አንጥፉት፤ ፊደሉ ከተነበበ ለሴቶች አይሆንም። ነጭና ፈዛዛ ቀለሞች ላይ ይህን ፈተና ፈጽሞ አትዝለሉ። ሁለተኛ፣ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ወስዳችሁ ባለቀለሙን ጨርቅ እሹት፤ ነጩ ከቀለመ የመጀመሪያው እጥበት ላይ ቀለሙ ይለቃል። ሦስተኛ፣ "መቶ በመቶ ጥጥ ነው" ከተባለ አንድ ክር መዛችሁ አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ሆኖ ይቀራል።

ጥጥ ላብ ይመጣል፣ ለቆዳም ይስማማል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ካልታጠበ መጀመሪያ ሲታጠብ እስከ 5 በመቶ ሊኮማተር ይችላል። 60 ሴንቲ ሜትር የነበረ እጅጌ 3 ሴንቲ ሜትር አጠረ ማለት ነው። ፖሊስተር አይኮማተርም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ለስፖርት ጥሩ ነው፤ በሙቀት ግን ያፍናል፣ ሽታም ይይዛል። የሁለቱ ድብልቅ ለተማሪዎች መካከለኛ መንገድ ነው። ንጹሕ ሐር ለወንዶች የተከለከለ ቢሆንም "ሐር የመሰለ" እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው ጨርቅ ፖሊስተር ነውና በስሙ አትደናገጡ። ነጋዴውን ከምን እንደተሠራ ጠይቁት።

የተሰፋ ወይስ የሚሰፋ?

ልብሱ የሚገኝበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ተሰፍቶ የመጣ ባዶ ቲሸርት ገዝቶ ማሳተም ነው። ይህ ፈጣን ነው፣ ለትንሽ ቁጥርም ይመቻል፤ ርዝመቱንና ስፋቱን መቀየር ግን አይቻልም። ሌላው ጨርቅ ገዝቶ ወይም ከአምራቹ መርጦ ማሰፋት ነው። ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን ለእህቶች ከወገብ በታች ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አስረዝሞ፣ ጎኑን ለቆ መስፋት ይቻላል። ህትመቱም ጨርቁ ከመገጣጠሙ በፊት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ስለሚታተም በእጅጌው ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

አንዳንዶች ለሴቶች "አንድ ቁጥር ከፍ አድርጉ" ይላሉ። ይህ ትከሻውን ያወርደዋል፣ እጅጌውን እጅ ላይ ይከምረዋል፤ ርዝመቱን ግን ብዙም አይጨምረውም። ካስረዘማችሁ ራሱን ርዝመቱን አስረዝሙ።

ልክ አወሳሰድ

"ሚዲየም ነኝ" የሚለው መልስ አያስተማምንም። የአንዱ ፋብሪካ ሚዲየም የሌላው ላርጅ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ሰው ቤቱ ያለውን በደንብ የሚሆነውን ልብስ ጠረጴዛ ላይ አንጥፎ ሦስት ነገር ይለካ፦ ከብብት እስከ ብብት ያለውን ስፋት፣ ከትከሻ እስከ ታች ጫፍ ያለውን ርዝመት፣ ከትከሻ ስፌት እስከ እጅጌው ጫፍ ያለውን ርዝመት። ከዚያ አምራቹ ከሚሰጠው የልክ ሠንጠረዥ ጋር ይነጻጸራል።

ለሕፃናት በዕድሜ ማዘዝ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ የ10 ዓመት ልጆች ቁመታቸው በጣም ይለያያል። የመድረሳ ኡስታዞች አንድ ቀን መድበው የየልኩን አንድ አንድ ናሙና አምጥተው ልጆቹን ቢያስለኩ ከብዙ ጣጣ ይድናሉ። ልጅ በዓመት ውስጥ ስለሚያድግ በሁለት ልክ መሃል ከሆነ ትልቁን ውሰዱ።

ከጠቅላላው ቁጥር ላይ ከመቶ 3 እስከ 5 ትርፍ ጨምሩ። ዘግይቶ የሚመዘገብ፣ ልኩን የሚሳሳትና ህትመቱ የሚበላሽ አይጠፋም። በኋላ 4 ቲሸርት ብቻ ለማሳተም መመለስ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ ቀለሙም ላይገጥም ይችላል።

የህትመት ዓይነቶች

ስክሪን ህትመት፦ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ወንፊት ይዘጋጃል፤ ቀለሙ በወንፊቱ ውስጥ ወደ ጨርቁ ይገፋል። ብዙ ቁጥር ላይ ርካሽና ጠንካራ ነው። ለምሳሌ ስሌቱ እንዲገባን ያህል የወንፊት ዝግጅቱ 1,200 ብር ነው እንበል። ለ20 ቲሸርት ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 60 ብር ይደርሳል፤ ለ120 ሲካፈል 10 ብር ብቻ ነው። ቀለሙ ከአንድ ወደ ሦስት ሲያድግ ወንፊቱም ሦስት ይሆናል። ስለዚህ ባለ አንድ ቀለም ዲዛይን ትልቅ ቁጠባ ነው።

ዲቲኤፍ፦ ምስሉ በልዩ ፕላስቲክ ላይ ታትሞ በሙቀት ወደ ጨርቁ ይተላለፋል። ብዙ ቀለም ላለው ምስልና ለትንሽ ቁጥር ይመቻል፤ ጥጥም ሆነ ፖሊስተር፣ ነጭም ሆነ ጥቁር ጨርቅ ይቀበላል። ሲነካ ፕላስቲክነቱ ይታወቃል። ደረትን የሚሸፍን ትልቅ ምስል ከሆነ አየር አያስገባም።

ሰብሊሜሽን፦ ቀለሙ በሙቀት ወደ ክሩ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ አይሰነጠቅም። የሚሠራው ግን ፈዛዛ ቀለም ባለው ፖሊስተር ላይ ነው። ጥጥ ላይ ታጥቦ ይሄዳል።

ተቆርጦ የሚለጠፍ፦ በእያንዳንዱ ልብስ ላይ የተለየ ስም ወይም ቁጥር ሲፈለግ ይጠቅማል።

ጥልፍ፦ ዕድሜው ረጅም፣ መልኩም የከበረ ነው። ለኡስታዞችና ለአስተዳዳሪዎች በኮሌታ ባለው ሸሚዝ ላይ ያምራል። ስስ ቲሸርት ላይ ግን ጨርቁን ይጨመድደዋል፤ ቁመታቸው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ያነሱ ፊደላትም አይነበቡም።

ጽሑፉና ዲዛይኑ

የደረት ዓርማ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ የጀርባ ጽሑፍ ለአዋቂ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው ይበቃል። ለሕፃናት መጠኑ ይቀንሳል። አንድ መጠን ለሁሉም ከታተመ በትንሹ ልጅ ላይ ጽሑፉ ብብቱ ሥር ይገባል።

እኛ ዘንድ ትልቁ ፈተና ቋንቋው ነው። አንድ ቲሸርት ላይ አማርኛ፣ ዐረብኛና አፋን ኦሮሞ ሊገኙ ይችላሉ፤ ሦስቱም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። የግዕዝ ፊደል ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ ወደ ባዶ ሳጥን ይቀየራል። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ መጻፍን በማይደግፍ ፕሮግራም ላይ ሲለጠፍ ፊደላቱ ተነጣጥለው ወይም ተገልብጠው ይወጣሉ፤ ዐረብኛ የማያውቅ ሠራተኛ ስህተቱን ሊያየው አይችልም። ቁቤ ላይ ደግሞ የሚደጋገም አናባቢ ሲጎድል የቃሉ ትርጉም ይለወጣል። መፍትሔው ዲዛይነሩ ጽሑፉን ሁሉ ወደ ቅርጽ ቀይሮ እንዲልክ ማድረግ ነው። ያኔ ፎንት አይፈለግም። ከዚያ በየቋንቋው አንድ የሚያነብ ሰው የመጨረሻውን ምስል አይቶ ይፈርም።

ዓርማውን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ጀርባ ላይ ሲጎላ ጠርዙ ይሻክራል። የትምህርት ቤት ዓርማ የሚጠቀም ክበብ አስቀድሞ ከአስተዳደሩ ፈቃድ ይውሰድ።

የቁርኣን አንቀጽና የአላህን ስም ልብስ ላይ አለማተም ይመረጣል። ልብሱ ሽንት ቤት ይገባበታል፣ ይቀመጡበታል፣ ከሌላ ልብስ ጋር ተዘፍዝፎ ይታጠባል፤ ሲያረጅ ደግሞ መወልወያ ይሆናል። ዓላማው መለያ ከሆነ የጀመዓው ስም ይበቃል። "ዐብዱላህ" እና የመሰሉ ስሞች በተጫዋች ጀርባ ላይ ሲጻፉም የአላህ ስም እንዳለባቸው አስታውሱ። የአባት ስም ወይም ቁጥር መጠቀም ይቻላል።

ጀርባ ላይ ስለሚጻፈው ደግሞ አንድ ነገር እናስብ። ሶላት ላይ ከኋላ ያለው ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት እዚያ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ባለው ልብስ ሰግደው ጥለቱ ሐሳባቸውን ስለሳበው ልብሱ ወደ አቡ ጀህም እንዲመለስ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። መስጊድ ውስጥ የሚያገለግል ቡድን ጀርባውን ባዶ ወይም አጭር ጽሑፍ ብቻ ቢያደርገው መልካም ነው። የሰው ፊት ያለበትን ምስልም መተው ከክርክር ያድናል።

ውሉ

ገና ያልተሠራን ነገር አሠርቶ መግዛት በፊቅህ "ኢስቲስናዕ" ይባላል። የሐነፊ ዑለማዎች ራሱን የቻለ ውል አድርገውታል። ሻፊዒዮች ዘንድ ግን በሰለም ሥር ይታያልና ዋጋው ውሉ በተደረገበት መቀመጫ ላይ ሙሉ በሙሉ መከፈልን ይጠይቃል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1992 እ.ኤ.አ ጂዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ኢስቲስናዕ ሁለቱንም ወገን የሚያስገድድ ውል መሆኑን፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ መገለጫና የርክክብ ጊዜ ተለይቶ መታወቅ እንዳለበት፣ ክፍያውም በሙሉ ሊዘገይ ወይም ተከፋፍሎ ሊከፈል እንደሚችል ወስኗል። በቀብድ ጀምሮ በርክክብ የሚጨረሰው የተለመደው አሠራራችን ከዚህ ውሳኔ ጋር ይሄዳል። ጨርቁን እናንተ ገዝታችሁ ሰፊው ጉልበቱን ብቻ ከሸጠ ግን ውሉ የኪራይ፣ ማለትም ኢጃራ ይሆናል። ዝርዝሩን ከአቅራቢያችሁ ዓሊም ጠይቁ።

የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ጊዜ የተቆረጠለትን ዕዳ መጻፍን ያስተምረናል። ስለዚህ "ወንድማችን ነው፣ እንተማመናለን" ብሎ ማለፍ አይገባም። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሚከተሉት ይስፈሩ፦

- የጨርቁ ዓይነት፣ ውፍረትና ቀለም፤ ከጨርቁ ቁራጭ ተቆርጦ ወረቀቱ ላይ ይያያዝ
- በየልኩ ብዛት፣ ለሴቶች የተጨመረው ርዝመት
- የህትመት ዓይነት፣ የቀለም ብዛት፣ ቦታውና መጠኑ
- ጠቅላላ ዋጋ፤ 15 በመቶ ቫት ይጨምር ወይም አይጨምር
- የቀብዱ መጠንና ቀሪው የሚከፈልበት ጊዜ
- የርክክብ ቀን
- የተበላሸ ቢገኝ ማን እንደሚተካ፣ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። "በ10 እናስረክባለን" ሲባል የካቲት 10 እና ፌብሩዋሪ 10 በሳምንት ይለያያሉ። ኢፍጣሩ በዚያ ሳምንት ውስጥ ከሆነ ልብሱ አልደረሰም ማለት ነው። ስለ መዘግየት ቅጣት፣ አምራቹ ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት እስካልሆነ ድረስ፣ በስምምነት ውሉ ውስጥ ማስገባት እንደሚቻል ያው የ1992ቱ ውሳኔ ይጠቅሳል።

ሙሉውን ሥራ ከማስጀመራችሁ በፊት አንድ ናሙና ታትሞ ይምጣላችሁ። ቤት ወስዳችሁ ሁለት ጊዜ እጠቡት። ከኮምፒውተር ላይ ያያችሁት ምስል የጨርቁን ቀለምም ሆነ የህትመቱን ጥንካሬ አያሳይም።

ገንዘቡ

ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ፣ ሌላ ሰው ይመዝግብ። የከፈለው ሁሉ ስሙ፣ የከፈለው መጠንና ልኩ በአንድ ዝርዝር ላይ ይቀመጥ። ሥራው ሲያልቅ ደረሰኙና ሒሳቡ ለከፋዮቹ በግልጽ ይነገር። ገንዘብ ከተረፈ ለባለቤቶቹ ይመለስ ወይም ፈቃዳቸው ተጠይቆ ለሌላ ጉዳይ ይዋል። "ለሰደቃ ሆነ" ብሎ በራስ መወሰን አይቻልም፤ ሰደቃ የሚሰጠው ባለገንዘቡ ነው። የዘካ ገንዘብ የሚውልባቸው ስምንት ወገኖች በሱረቱ ተውባህ 60ኛ አንቀጽ ተለይተዋል፤ የጀመዓ መለያ ልብስ ከእነሱ ውስጥ የለም።

መክፈል የማይችሉ ልጆችን አስቀድማችሁ አስቡ። የሚመረጠው መንገድ አቅም ያላቸው ሰዎች ለተወሰነ ቁጥር እንዲሸፍኑ በጸጥታ መጠየቅና ልብሱን ለሁሉም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ፌስታል ማደል ነው። በክፍል ፊት "ያልከፈላችሁ እጃችሁን አውጡ" የሚባል ነገር መቅረት አለበት። ልጁ ልብሱን ይረሳዋል፤ ያንን ቀን ግን አይረሳውም።

ጊዜውን ወደ ኋላ መቁጠር

ከዝግጅቱ ቀን ተነስታችሁ ስድስት ሳምንት ወደ ኋላ ቁጠሩ። የመጀመሪያው ሳምንት ለምዝገባና ለገንዘብ፣ ሁለተኛው ለዲዛይንና ለዋጋ ማወዳደር፣ ሦስተኛው ለናሙና፣ አራተኛውና አምስተኛው ለሥራው፣ ስድስተኛው ለቁጥጥርና ለመጠባበቂያ ይሁን። ዋጋ ስታወዳድሩ ቢያንስ ሦስት ቦታ፣ አንድ ዓይነት ጨርቅና አንድ ዓይነት ህትመት ይዛችሁ ጠይቁ። አለበለዚያ የምታወዳድሩት የተለያየ ዕቃ ነው። ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ስለሚመጣ "አምና በዚህ ቀን ነው ያዘዝነው" የሚለው አይሠራም።

ርክክብና አጠባበቅ

ልብሱን ስትረከቡ ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት በየልኩ ቁጠሩ። ከእያንዳንዱ እሽግ ጥቂት አውጥታችሁ ስፌቱን ሳቡት፣ ሁለቱ እጅጌዎች እኩል መሆናቸውን አጥፋችሁ አመሳክሩ፣ ህትመቱን በጥፍር ፋቁት፣ ከያዛችሁት ናሙና ጋር አስተያዩት።

ለሚለብሱት ሁሉ ደግሞ ሦስት ነገር ይነገራቸው፦ ገልብጦ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ፣ ጥላ ላይ ማስጣት፣ ህትመቱ ላይ በቀጥታ ካውያ አለማሳረፍ። የመድረሳ ልብስ ከሆነ ያደጉ ልጆች የጠበባቸውን መልሰው ለታናናሾቹ የሚያስረክቡበት ሣጥን አዘጋጁ። ልብሱ ላይ ዓመተ ምሕረት ካልታተመበት ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ዓመቱን መጻፍ የግድ ካልሆነ ተዉት።

አላህ በአማና የያዝነውን በአማና የምናስረክብ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።